የአርባና የሰማንያ ቀን አራስ በወንዶ ገነት ደን

ውድ አንባቢ፣ በአገራችን አራስ ጥየቃ ያልሄደ ሰው ይኖራል ተብሎ አይታሰብም። ገንፎው በቅቤና በበርበሬ ተሰናድቶ፣ ጠያቂው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ሲገባ፣ እናት ከሕፃኗ ጋር በጓዳ ተከልላ ስትታረስ ማየት ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነው። በክርስቲያኑ ዘንድ ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ ቀኑ እየተቆጠረ ይጠበቃል። ዛሬ በዚህ አምድ የምንጋብዝዎትም ወደ አንድ አራስ ቤት ነው። ይሁን እንጂ አራሷ ሰው ሳትሆን ወፍ ናት፤ ቤቷም በአንድ አሮጌ ዛፍ ግንድ ውስጥ ያለ ጎሬ ነው፤ በሩም ገርበብ ያለ ሳይሆን በጭቃ የተመረገ ነው።

ጉዞው ወደ ወንዶ ገነት ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥተው በሞጆ በኩል ወደ ደቡብ ሲያቀኑ መቂን፣ ዝዋይንና አርሲ ነገሌን አልፈው ሻሸመኔ ይደርሳሉ። እስከዚህ ድረስ መንገዱ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙው መንገድ ግራር የተበተነበት የስምጥ ሸለቆ ሜዳ ሲሆን፣ አልፎ አልፎም የሐይቅ ውሃ ከሩቅ ብልጭ ይላል። ከሻሸመኔ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ታጥፈው ጥቂት ሲጓዙ ግን አገሩ መልኩን ይለውጣል። አቧራው ይቀርና ሸንኮራ አገዳው፣ እንሰቱ፣ ቡናውና ጫቱ እየተከታተለ ይመጣል። ከበላይ በኩል ደን የለበሰ ተራራ ይታያል። ከተራራው ሥር ፍል ውሃ ይፈልቃል፤ የአካባቢው ልጆችም በሚፈላው ምንጭ ውስጥ ድንችና በቆሎ ሲቀቅሉ ያገኙዋቸዋል። ወንዶ ገነት ማለት ይህች ናት።

ከፍል ውሃው አልፈው ወደ ደኑ ሲገቡ ዝግባው፣ ዋንዛው፣ ቀረሮውና ብሳናው ከላይ ተጋጥሞ ፀሐይዋን ይከልላል። ጉሬዛ ነጭ ጭራውን እያርገበገበ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላል። እዚህ ላይ ቆም ይበሉና ጆሮዎን ይስጡ። የዛሬዋን አራስና ቤተሰቧን ከማየትዎ በፊት የሚያውቋቸው በድምፅ ነው። ከዛፎቹ አናት በላይ የቀጥቃጭ ወናፍ ሲነፋ የሚሰማውን የመሰለ «ሹው፣ ሹው» የሚል ትንፋሽ ያልፋል። ይህ ድምፅ የወፍ ክንፍ ድምፅ ነው። የሌሎች ወፎች ክንፍ ከሥር በኩል ትላልቆቹን ላባዎች ሥራቸው ላይ የሚደርቡ ትናንሽ ላባዎች ሲኖሩት፣ የዚህ ወፍ ክንፍ ግን እነዚያ ላባዎች ስለሌሉት አየሩ በላባው መካከል ሲያልፍ ይጮኻል። ወፉ ራሱ ድምፅ ሲያወጣ ደግሞ የሕፃን ልቅሶና የአህያ ማናፋት የተቀላቀለ ይመስላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው እንግዳ መደንገጡ አይቀርም።

ወፉ ከዛፍ አናት ላይ ሲያርፍ ደግሞ የሚያስደንቀው ምንቃሩ ነው። አካሉ ጥቁር፣ ሆዱና የጀርባው ታችኛ ክፍል ነጭ ሲሆን፣ በጉንጩ ላይ ያሉት ላባዎች ጫፋቸው እንደ ብር ያብለጨልጫል። ወንዱ ከምንቃሩ ጫፍ እስከ ጭራው ጫፍ 75 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ክብደቱም ከአንድ ኪሎ በላይ ነው። በረጅሙ ምንቃር ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበ የሚመስል፣ የነጣ ቢጫ ቀለም ያለው ትልቅ ቆብ ተቀምጧል። የሴቷ ቆብ ከወንዱ ያነሰ በመሆኑ ባልና ሚስቱን ከሩቅ ለይቶ ማወቅ አያስቸግርም። ይህ ሁሉ ሸክም አንገትን የሚሰብር ቢመስልም ቆቡ ውስጡ ባዶና ቀላል ነው፤ ከዚህም ሌላ የዚህ ወገን ወፎች የመጀመሪያዎቹ ሁለት የአንገት አጥንቶቻቸው አንድ ላይ የተጋጠሙ ስለሆኑ ጭንቅላታቸውን አጽንተው ይይዙላቸዋል። ቀረብ ብለው በመነጽር ቢያዩት ደግሞ በወፍ ላይ እምብዛም የማይታይ ረጅም ሽፋሽፍት እንዳለው ይመለከታሉ።

የወፍ ጥናት መጻሕፍት ለዚህ ወፍ የሰጡት ስም ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «ጉንጨ ብርማው ቀንደ ምንቃር» እንደ ማለት ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ለአጠራር እንዲያመች ቀንደ ምንቃር እንበለው። ከኢትዮጵያ ደኖች ጀምሮ በኬንያና በታንዛንያ በኩል እስከ ሞዛምቢክና ዚምባብዌ ድረስ ይገኛል። በአገራችንም ወንዶ ገነት ብቻ ሳይሆን በሐረና ደን፣ በከፋና በጅማ አካባቢ፣ እንዲሁም በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባሉት የሾላ ዛፎች ላይ ይታያል።

ፎቶግራፉን ያዩ ብዙ ሰዎች «ይህ ቱካን አይደለምን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቱካን በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ሞቃት ደኖች የሚኖር፣ ባለ ብዙ ቀለም ታላቅ ምንቃር ያለው ወፍ ሲሆን፣ አንዱ ዓይነት የቤሊዝ አገር ብሔራዊ ወፍ ነው። እርሱም እንደ ቀንደ ምንቃር ፍሬ ይለቅማል፤ በዛፍ ጎሬም ይፈለፍላል። ይሁንና ሁለቱ ዘመዳሞች አይደሉም። የቱካን ዘመዱ ግንደ ቆርቁር ነው፤ የቀንደ ምንቃር የቅርብ ዘመድ ደግሞ ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው፣ በሜዳ ላይ በእግሩ የሚንጎራደደው እርኩም ነው። በሁለት የተለያዩ አህጉሮች የሚኖሩ ሁለት ወገኖች በረጅም ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ያለ ፍሬ ለመድረስ ሲሉ ለየብቻቸው ረጅም ምንቃር አበጁ ማለት ነው። በቤተሰብ አያያዛቸው ግን ይለያያሉ። የቱካን እናትና አባት እንቁላሉን እየተፈራረቁ ይታቀፋሉ፤ በራቸውንም አይዘጉም። የቀንደ ምንቃር ባልና ሚስት ግን ከዚህ የተለየ ቤት ይሠራሉ።

አሁን ወደ አራሷ ቤት እንሂድ። ባልና ሚስቱ ለመራባት ሲነሡ መጀመሪያ የሚፈልጉት ቤት ነው። ምንቃራቸው ትልቅ ቢሆንም እንደ ግንደ ቆርቁር እንጨት ለመፈልፈል አይሆንም። ስለዚህ በአሮጌ ዛፍ ግንድ ውስጥ ቅርንጫፍ ወድቆ፣ ልቡ በስብሶ በተፈጥሮ የተከፈተ ጎሬ ማግኘት አለባቸው። ቤቱ ከተገኘ በኋላ ወንዱ ጭቃ ሊያመጣ ይሄዳል። የሚያመጣውም በምንቃሩ አንጠልጥሎ ሳይሆን ውጦ ነው። አፈሩን በጉሮሮው ውስጥ ከምራቁ ጋር እያላወሰ እንክብል ያደርገዋል፤ ከጎሬው ደጃፍ ቆሞም አንድ በአንድ እያወጣ ለሴቷ ያቀብላታል። ሴቷም እየተቀበለች፣ ምንቃሯን እንደ መለሰኛ እያገላበጠች የበሩን ዙሪያ ትመርጋለች። ቤት ሲሠራ ወንዱ ጭቃ ሲያቀብል፣ ሴቷ ግድግዳ ስትለስን ያየ ሰው ሥራው አዲስ አይሆንበትም።

ልዩነቱ ሴቷ የምትመርገው ከውስጥ ሆና መሆኑ ላይ ነው። ምርጊቱ እየገፋ ሲሄድ በሩ እየጠበበ ይመጣና በመጨረሻ የምንቃር ጫፍ ብቻ የሚያሾልክ ቀጭን ስንጥቅ ይቀራል። ጭቃው ሲደርቅ ይጠጥራል። ከዚያ በኋላ እባብም ሆነ ጦጣ፣ ሸለምጥማጥም ሆነ ጎሬውን የሚመኝ ሌላ ቀንደ ምንቃር በቀላሉ ሊገባ አይችልም።

ሴቷ በዚህ ጨለማ ቤት ውስጥ አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉን የምትታቀፈው ወደ አርባ ቀን ለሚጠጋ ጊዜ ነው። ጫጩቱ ከተፈለፈለ በኋላም ላባ አውጥቶ ለመብረር እስኪደርስ ሰማንያ ቀን ያህል ይወስዳል። አርባና ሰማንያ! ተፈጥሮ የእኛን የክርስትና ቀን አይታ የቆጠረች ይመስላል። እናቲቱ ግን ሁለቱንም ቀናት ደርባ ትታረሳለች። በሩ ከተመረገበት ቀን አንሥቶ እስክትወጣ ከሦስት ወር ተኩል እስከ አራት ወር ተኩል ይሆናታል። ብዙውን ጊዜም የሚያድግላት ጫጩት አንድ ብቻ ነው።

«ይህን ያህል ጊዜ በአንድ ጎሬ ተዘግታ ቤቱ እንዴት አይበከልም?» ብለው ቢጠይቁ፣ እንደማንኛዋም የቤት እመቤት ንጽሕናዋን የምትጠብቅ ናት። የፍሬውን ፍሬ ነገር ከበላች በኋላ ዘሩን በስንጥቁ በኩል ወደ ውጭ ትጥላለች፤ ኩሷንም ጀርባዋን ወደ ስንጥቁ አዙራ ከቤት ውጭ ታስፈነጥራለች። ጫጩቱም ከፍ ሲል ይህንኑ ይማራል። በዛፉ ሥር የቆመ ሰው ወደ ላይ ሳያይ፣ መሬት ላይ የወደቀውን የዘር ክምር ብቻ አይቶ «እዚህ ቤት አራስ አለች» ብሎ ሊናገር ይችላል።

አሁን ደግሞ የአባትየውን ድርሻ እንመልከት። ሴቷ በሩን ከዘጋች ጀምሮ የሚበላውን ሁሉ የሚያመጣው እርሱ ነው። በአብዛኛው የሚያመጣው ፍሬ፣ በተለይም የሾላና የዋርካ ዓይነት ፍሬ ሲሆን፣ አልፎ አልፎ ነፍሳትና ትናንሽ እንስሳት ይጨምርበታል። ፍሬውን በጉሮሮው ሞልቶ ይመጣል፤ ከደጃፉ ላይ ያርፍና አንገቱን እየነቀነቀ አንድ በአንድ እያወጣ በስንጥቁ በኩል ያጎርሳታል። አንድ ፍሬ፣ ከዚያ አንድ ፍሬ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ፍሬ። ጉሮሮው ባዶ ሲሆን ተመልሶ ይሄዳል። ውሃም ቢሆን አብዛኛውን የምታገኘው ከዚሁ ፍሬ ነው።

ይህን የቤተሰብ ኑሮ በጥንቃቄ ካጠኑት ሰዎች መካከል አንድ ባልና ሚስት ይገኙበታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሬጂናልድ ሞሮና ባለቤቱ ዊኒፍሬድ ሞሮ በዛሬዋ ታንዛንያ፣ በዚያን ጊዜዋ ታንጋኒካ፣ በኡሳምባራ ተራሮች ላይ በምትገኘው በአማኒ ይኖሩ ነበር። የዚህን ቀንደ ምንቃር የመራባት ሁኔታ የሚገልጸውን ጽሑፋቸውን በ1941 ያወጡትም በሁለቱም ስም ነው። የባልና ሚስት ሥራ በባል ስም ብቻ ይወጣ በነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በ1938 ከታንዛንያው የኡሉጉሩ ተራራ ለተገኘ አንድ ትንሽ የደን ወፍም የሳይንስ ስሙ የተሰጠው በዊኒፍሬድ ስም ነው።

ጎጆዎችን እየተከታተሉ ከተደረጉት ግምቶች አንዱ እንዲህ ይላል፦ አንድ አባት በ120 ቀን ውስጥ 1,600 ጊዜ ወደ ጎጆው ተመላልሶ 24,000 ያህል ፍሬ አቅርቧል። እስቲ ይህን ቁጥር እንደ ቤት ወጪ እናስላው። በቀን ከአሥራ ሦስት ጊዜ በላይ ደርሶ መልስ ነው። በአንድ ምልልስ አሥራ አምስት ፍሬ ይደርሳል። በዓል የለ፣ ዕረፍት የለ፣ «ዛሬስ ደክሞኛል» የለ። አባትየው በጥይት ወይም በወንጭፍ ቢመታ የጎጆው ዕጣ ወዲያውኑ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በዚህ ወራት አንድ ወፍ የገደለ ሰው የገደለው አንድ ወፍ ብቻ ላይሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። ይህን የወፍ ታሪክ ሰምተው «አያችሁ፣ ተፈጥሮም ሴት ቤት ትዘጋ ትላለች» የሚሉ አይጠፉም። አንዳንዶችም ወንዱ ከቅናት የተነሣ በሩን ይዘጋባታል ብለው ያወራሉ። ሁለቱም ስሕተት ነው። የምትመርገው እርሷ ራሷ ናት፤ ጊዜው ሲደርስ ምርጊቱን በምንቃሯ ሰብራ የምትወጣውም እርሷው ናት። ቁልፉ በእርሷ እጅ ነው ማለት ነው። ደግሞስ ከወፍ ትምህርት እንውሰድ ከተባለ ስለ ተዘጋው በር ብቻ ለምን ይወራል? 1,600ውን ምልልስስ ማን ይናገር? አራስ ሚስቱን ጎረቤት ትጠይቃት ብሎ ውጭ ውሎ ውጭ የሚያመሽ አባወራ ካለ፣ ወንዶ ገነት ድረስ ሄዶ ይህን አባት ለአንድ ቀን ቁጭ ብሎ ቢመለከት መልካም ነበር።

የወፎች ወግም ቢሆን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በመንገድዎ ላይ ባለፉት የግራር ሜዳ የሚኖሩት አነስተኛዎቹ ቀንደ ምንቃሮችም በራቸውን በጭቃ ይመርጋሉ። ነገር ግን ጫጩቶቹ ከፍ ሲሉ እናቲቱ በሩን ሰብራ ትወጣና ከአባትየው ጋር ምግብ ታመላልሳለች። ጫጩቶቹም በበኩላቸው የተሰበረውን በር ከውስጥ መልሰው ይመርጉታል። እርኩም ደግሞ በሩን ከነጭራሹ አይመርግም። እያንዳንዱ ቤተሰብ እንደ አገሩና እንደ ኑሮው መላ አበጅቷል።

የወንዶ ገነቱ ቤተሰብ ለሌላውም ይተርፋል። ቀንደ ምንቃሮች የመራቢያቸው ጊዜ ካልሆነ ብዙ ሆነው አንድ ላይ ያድራሉ፤ ጠዋት ደግሞ የበሰለ ፍሬ ፍለጋ ረጅም መንገድ ይበራሉ። የዋጡትን ፍሬ ዘር ከእናት ዛፉ ርቀው ስለሚጥሉት፣ ማንም ሳያዛቸውና ደመወዝ ሳይጠይቁ ደን ይተክላሉ። ከአራሷ ቤት ሥርም ከተጣለው ዘር የበቀለ ችግኝ ይታያል። በዚያው በወንዶ ገነት በ1978 የተቋቋመ፣ ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኝ የደን ትምህርት ኮሌጅ አለ። በአንድ ተራራ ላይ ሰውም ወፍም ችግኝ ያፈላሉ ማለት ነው።

እንግዲህ ሁሉም መልካም ከሆነ ችግሩ ምን ላይ ነው? ችግሩ ቤት ማጣት ነው። ጉንጨ ብርማው ቀንደ ምንቃር ዛሬ በዓለም ደረጃ ሊጠፉ ከተቃረቡት ወፎች ጋር አይቆጠርም። ነገር ግን ይህን የሚያህል ወፍ ከነጫጩቱ የሚይዝ ጎሬ ያለው ዛፍ ወፍራምና አሮጌ መሆን አለበት። እንዲህ ያለው ዛፍ በአንድ ሰው ዕድሜ አይደርስም። በደቡብ ማዕከላዊ ስምጥ ሸለቆ በ3,060 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የተደረገ አንድ ጥናት እንደሚያመለክተው፣ በ1972 ከመሬቱ 16 በመቶውን ይሸፍን የነበረው የተፈጥሮ ደን በ2000 ወደ 2.8 በመቶ ወርዷል። የቀረውም በአብዛኛው ለእርሻ የማይመች ገደላማ ቦታ ላይ ያለው ነው። ዛፍ ሲቆረጥም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታሰበው ልቡ የበሰበሰውና ጎሬ ያለው ነው፤ «ለሳንቃ አይሆንም፣ ለማገዶ ይሁን» ይባላልና።

ይህን ነገር በቁጥር ብቻ ሳይሆን በዓይናችን አይተነዋል። ከደኑ ጠርዝ ላይ ጎጆዋን የሠራች አንዲት የአራት ልጆች እናት ቡና አፍልታ ስትጋብዘን፣ ከቤቷ ጓሮ አንድ ትልቅ ቀረሮ ቆሞ አየን። በግንዱ ላይ፣ የሁለት ሰው ቁመት በሚሆን ከፍታ፣ ጠባሳ የመሰለ የጭቃ ምርጊት ነበር። ወንዱ ቀንደ ምንቃር እኛ እዚያው ተቀምጠን ሳለን ሁለት ጊዜ መጥቶ አጉርሶ ሄደ። ሴትዮዋም ጨዋታውን እንዲህ ስትል ጀመረች፦

«ዛፉ ተሸጦ ነበር፣ እህቴ። ባለቤቴ ከከሰል ነጋዴዎች ጋር ዋጋውን ጨርሶ ነበር። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሊገቡ ነው፤ ደብተሩ አለ፣ ልብሱ አለ። እኔም እሺ ብዬ ነበር። በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ይህ ወፍ ጭቃ ሲያመላልስ አየሁት። ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። ‹አራስ የተኛችበት ቤት እንዴት ይፈርሳል? ቢያንስ ትውጣ› አልኩት።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?» ስንል ጠየቅናት።

«መጀመሪያ ሳቀብኝ። ‹ወፍ ልጆቼን ታስተምርልኛለች ወይ?› አለኝ። በማግሥቱ ግን ራሱ ከዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ ሲያይ ዋለ። ማታ ሲገባ ‹ይኸ ወፍ እኮ ከእኔ ይብሳል፤ እስቲ እስክትወጣ ይቆይ› አለ። ነጋዴዎቹም ተቆጥተው ሄዱ። ደብተሩን በዱቤ ገዛን።»

«ከወጣች በኋላስ?»

ሴትዮዋ ረከቦቱን እያስተካከለች ጥቂት ዝም አለች። «እሱን ገና አልተነጋገርንም። ሽማግሌዎቹ ግን በሚመጣው ዓመትም ወደዚሁ ቤት ይመለሳሉ ይላሉ» አለችን።

ሽማግሌዎቹ እውነታቸውን ነው። ቀንደ ምንቃሮች የተስማማቸውን ጎሬ በየዓመቱ ይመለሱበታል። ስለዚህ የዚያች እናት ጥያቄ በአንድ አራስ የሚያልቅ አይደለም። የልጆቿ ደብተርም እውነት ነው፤ የወፏ ቤትም እውነት ነው። በከተማ ተቀምጦ «ዛፍ አትቁረጡ» ማለት ቀላል ነው። የቆረጡትን ከሰል ገዝተን ቡና የምናፈላው ግን እኛ የከተማዎቹ ነን። ከሰሉ ከየትኛው ዛፍ፣ ከማን ቤት እንደ መጣ ጠይቀን አናውቅም።

ታዲያ ከእኛ ምን ይጠበቃል? አንደኛ፣ ማገዶ መቆጠብ ነው። እንጀራ በሦስት ጉልቻ ከመጋገር ይልቅ ማገዶውን እስከ ግማሽ ያህል የሚቆጥበውን «ምርጥ» የተባለውን ምድጃ መጠቀም ጭሱንም፣ የእናቶችን የዓይን ሕመምም፣ የጀርባ ሸክምንም ያቃልላል። ሁለተኛ፣ በግቢም ሆነ በእርሻ ዳር ያለ ባለ ጎሬ አሮጌ ዛፍ «ዋጋ የለውም» ከመባሉ በፊት ማን እንደሚኖርበት ቀና ብሎ ማየት ነው። የወደቀውን ቅርንጫፍ መልቀም ዛፉን ሳይጥሉ ይቻላል። ሾላና ዋርካ መትከልና መጠበቅም ለአባትየው ገበያ ማቋቋም ነው። ሦስተኛ፣ ልጆች በወንጭፍ ወፍ ሲመቱ «ጨዋታ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። የ1,600ውን ምልልስ ታሪክ ማታ ከእራት በኋላ ንገሯቸው። ከቁጣ ይልቅ ይህ ይሠራል። አራተኛ፣ ወንዶ ገነት ለመዝናናት የሚሄድ ቤተሰብ የአካባቢውን ወጣት አስጎብኚ አድርጎ ቢወስድና ተገቢውን ቢከፍል፣ የቆመ ዛፍም ደብተር ሊገዛ እንደሚችል ያሳያል።

ወደዚያ ሲሄዱም የአራስ ቤት ወግ ይጠብቁ። ከዛፉ ራቅ ብለው ይቀመጡ፤ አይጩኹ፤ ግንዱን አይደብድቡ፤ ስንጥቁን ለማየት ብለው ልጅ ዛፍ ላይ አያውጡ። አባትየው ሰው ከፈራ ፍሬውን በጉሮሮው እንደያዘ ቅርንጫፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ በዚያን ጊዜም በውስጥ ያለችው ትራባለች። ዝም ብለው አንድ ሰዓት ቢታገሡ ግን የክንፉ ወናፍ ከሩቅ ይሰማል፤ ጥቁሩ አባት መጥቶ ከምርጊቱ አጠገብ ያርፋል፤ በስንጥቁም በኩል የአንድ ምንቃር ጫፍ ብቅ ይላል።

እኛ ከዚያች እናት ቤት ስንነሣ ፀሐይ ከሐዋሳ ሐይቅ ማዶ እያዘቀዘቀች ነበር። ሴትዮዋ እስከ አጥሩ ሸኘችን። አባትየው የቀኑን የመጨረሻ ጉርሻ አቀብሎ ወደ ማደሪያው ሲበር፣ ከሴትዮዋ ልጆች ትንሿ በጣቷ እየቆጠረች «ዛሬ አሥራ አንድ ጊዜ ነው የመጣው» አለች። በየቀኑ ትቆጥራለች አሉን። ዛፉ እስካሁን ቆሟል። በሚመጣው ዓመትም ቆሞ ያገኙት እንደሆነ፣ ውድ አንባቢ፣ እግረ መንገድዎን ጎራ ብለው አራሷን ይጠይቁልን።